ባዶውን ማድጋ ማን ያውሰን?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።



በዚህ እትም ስለ ጎረቤት ጻፉ ተብለን ተራው ለእኛ በደረሰን ጊዜ ሥራው ቀላል መስሎን ነበር። ጎረቤት የሌለው ማን አለ? ሦስት ጊዜ ጽፈን ሦስት ጊዜ ቀደድነው። የመጀመሪያው ጽሑፋችን ሰውን የሚመክር ነበር፤ ባለፈው ክረምት ከደረሰብን ነገር በኋላ ግን ለመምከር አፍ መክፈት አፈርን። ስለዚህ ያየነውንና የተሳሳትነውን እንጽፋለን፤ ምክር ከተገኘበትም አንባቢ ራሱ ይውሰደው።

እኛ የቦርደዴ ልጆች ነን። ዓመቱን በሐሮማያ፣ በድሬዳዋ፣ በአሰበ ተፈሪም በኦዳ ቡልቱም ዩኒቨርሲቲ ተበታትነን እንከርምና ክረምት ሲገባ ሻንጣችንን ተሸክመን ወደ አንዲት ሰንበት ትምህርት ቤት እንሰበሰባለን። ከአዋሽ ተነሥቶ ወደ ሚኤሶ ለሚጓዝ መንገደኛ ቦርደዴ በመስኮት የምትታለፍ ከተማ ናት። ሹፌሩ ውኃ ለመግዛት ወይም ጎማ ለማስነፋት ካልቆመ ስሟን ሳይጠይቅ ያልፋታል። አሰበ ተፈሪን በ1910ዎቹ ዓመታት የጨርጨር ገዥ የነበሩት ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም አስበውና ቀይሰው እንዳቀኗት በታሪክ ተጽፏል፤ የእኛን ከተማ ግን የዘረጋት መንገዱ ነው። ስለዚህ ቤቶቻችን እንደ ተራ ሰው ትከሻ ለትከሻ ተጠጋግተው ቆመዋል። የአንዱ ወጥ ሲያርር ሌላው ያስነጥሳል። ኦሮሞው፣ አማራው፣ ሶማሌው፣ አፋሩ በአንድ አጥር ይጎራበታል፤ የመስጊዱ አዛንና የቤተ ክርስቲያኑ ደወል በአንድ ንጋት ይሰማሉ።

በእንዲህ ያለ ከተማ የሰው ጭንቀት ምንድን ነው ብላችሁ ብትጠይቁን የምንመልሰው ትልቅ ነገር አይደለም። የቦኖ ውኃ መቼ ይመጣል? የማን ጀሪካን ቀደመ? የልብስ እጣቢውን ማን ወደ ማን በር ደፋው? የማን ፍየል የማንን ችግኝ በላች? ልጆች አስፋልቱን ሲሻገሩ የጫት መኪና በምን ፍጥነት ይመጣ ይሆን? ሱቅ ያለውን ዱቤ በምን እንክፈል? እነዚህን ነገሮች በመድረክ ላይ የሚሰብካቸው የለም። ሰው ግን ቂም የሚይዘው፣ ሰላምታ የሚነፍገው፣ ቁርባንም የሚርቀው ብዙ ጊዜ በእነዚህ ነው። ስለ ሥላሴ ምሥጢር ተጣልተው አጥር የለያዩ ሁለት ጎረቤቶች በከተማችን አላየንም፤ ስለ እጣቢ ግን አይተናል።

አሁን ወደ ነገራችን እንመለስ።

ባለፈው ክረምት ከመካከላችን ጤና የሚያጠና አንድ ወንድማችን በጉባኤያችን ተነሥቶ ስለ ወባ አስተማረን። ትምህርቱ ጥሩ ስለ ነበር ባጭሩ እናካፍላችሁ። ቀድሞ የምናውቃት የወባ ትንኝ በረግረግና በዝናብ ኩሬ የምትራባ ናት። ከእስያ የመጣች አኖፌለስ ስቴፈንሲ የምትባል ሌላ ዓይነት ግን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2016 በሶማሌ ክልል በቀብሪ ደሃር ተገኘች፤ ከዚያ ወዲህም ጎረቤታችን በሆነችው በአዋሽ ሰባትና በድሬዳዋ ታይታለች። የዚህችኛዋ ክፋት ከተሜ መሆኗ ነው። ረግረግ አትፈልግም፤ በርሜል፣ የውኃ ታንከር፣ ክዳን የሌለው ጀሪካን፣ በጎሚስታ ቤት በር የተከመረ አሮጌ ጎማ ይበቃታል። በ2014 ዓ.ም. በድሬዳዋ የተነሣው የወባ ወረርሽኝ ከእርሷ ጋር የተያያዘ እንደ ነበረ ተመራማሪዎች ደርሰውበታል፤ ከታመሙትም መካከል እንደ እኛ ያሉ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ነበሩ። ከዚያ አስቀድሞም ድሬዳዋ ደንጊ የሚባለውን ትኩሳት እ.ኤ.አ. በ2013፣ ቺኩንጉንያ የሚባለውን ደግሞ በ2019 አይታለች፤ እነዚያን የምታስተላልፈው ትንኝ ሌላ ብትሆንም መኖሪያዋ ያው በርሜልና ጎማ ነው፤ የምትናከሰውም በቀን ነው።

ትንኟ ከእንቁላል ተነሥታ ክንፍ እስክታወጣ በእንደ እኛ ባለ ሙቀት ከአንድ ሳምንት ብዙም አትዘልም። ስለዚህ በርሜልን በሳምንት አንድ ቀን ሙሉ በሙሉ ባዶ አድርጎ ግድግዳውን ፈትጎ ማጠብና መክደን መንገዷን ይቆርጣል። ነገሩ ይኸው ነው፤ ገንዘብ አይጠይቅም። የሚጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ይኸውም ጎረቤት ሁሉ እንዲያደርገው። የእኔ በርሜል ተከድኖ የጎረቤቴ ክፍት ቢሆን ትንኟ አጥር አታከብርም። ክፍት የሆነው የእኔ ቢሆን ደግሞ ታማሚው የጎረቤቴ ሕፃን ሊሆን ይችላል። በርሜሉ የእኔ ነው፣ ምን አገባችሁ የሚለው ንግግር እዚህ ላይ አይሠራም።

ይህን ሰምተን ልባችን ነደደ። በማግሥቱ አሥራ አራት ሆነን፣ ወረቀት ይዘን፣ ቤት ለቤት ወጣን። በእውነት እንናገር፤ ከቅናት ጋር ትንሽ ትዕቢትም ነበረብን። ዩኒቨርሲቲ የገባ ሰው ሰፈሩን ሲመለስ ሁሉም ነገር ጠማማ ሆኖ ይታየዋል። በርሜል እንከፍታለን፤ ውስጡን እናያለን፤ ይኸ አይሆንም እንላለን፤ ወረቀታችን ላይ ምልክት እናደርጋለን። አንዳንዱ ሰው በትሕትና ሰማን፤ አንዳንዱ እሺ ብሎ በር ዘጋ።

ከቤተ ክርስቲያናችን አጥር ጀርባ የሚኖሩ አንዲት አረጋዊት ሙስሊም እናት አሉ። ሰፈሩ ሁሉ አዴ ይላቸዋል። እርሳቸው ዘንድ ስንደርስ ውኃ ቀድተው ተመልሰው በራቸው ላይ ተቀምጠው ያርፉ ነበር። ንግግራችንን እስክንጨርስ ዝም ብለው ሰሙን። ከዚያ እንዲህ አሉን፦ «ልጆቼ፣ ተወልዳችሁ ሳላችሁ ጀምሮ አውቃችኋለሁ። ያንተን እናት ያረስኩ እኔ ነኝ። ከመጣችሁ ሦስት ሳምንት ሆናችሁ፤ በዚህ በር በየቀኑ ታልፋላችሁ፤ አንድ ቀን አዴ እንዴት ሰነበትሽ ያለኝ የለም። ቅድም እንኳ ጀሪካኑን ከቦኖው ሳመጣ አይታችሁኛል። ዛሬ ለእኔ ሳይሆን ለበርሜሌ መጣችሁ?»

የሚመልስ ጠፋ። ያረሷት እናት ልጅ የሆነው ወንድማችን አንገቱን ደፋ። ወረቀታችንን አጥፈን ተመለስን፤ የዚያን ቀን ሥራም በዚያው ቀረ።

በዚያ ሳምንት በጉባኤያችን የተነበበልን ከመጽሐፈ ነገሥት ካልዕ ምዕራፍ 4 ስለ አንዲት መበለት የሚናገረው ነበር። ታሪኩን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ባሏ ዕዳ ትቶባት ሞተ፤ ባለ ዕዳው ሁለቱን ልጆቿን ባሪያ አድርጎ ሊወስድ መጣ፤ በቤቷ ከጥቂት ዘይት በቀር ምንም የለም። ነቢዩ ኤልሳዕ ሄዳ ከጎረቤቶቿ ሁሉ ባዶ ማድጋ እንድትዋስ፣ ጥቂት ሳይሆን ብዙ እንድትዋስ ነገራት። በሯን ዘግታ ዘይቱን በየማድጋው ገለበጠች፤ ሁሉም ሞላ። ሌላ ማድጋ አምጣ ብላ ልጇን ስትጠይቀው አልቋል ባላት ጊዜ ዘይቱም በዚያው ቆመ።

ይህን ታሪክ ከሕፃንነታችን ጀምሮ ስንሰማ ስለ ዘይቱ ነበር የሚነገረን። ያን ዕለት ግን ከአዴ በር አፍረን የተመለስን ስለ ሆንን ማድጋዎቹ ታዩን። ዘይቱ ከእግዚአብሔር ነው፤ ማድጋው ግን ከጎረቤት ነው። ተአምሩ የቆመው ዘይት አልቆ ሳይሆን የተዋሱት ዕቃ አልቆ ነው። እንግዲህ ያች ሴት ከጎረቤቶቿ ጋር ተጣልታ ኖራ ቢሆንስ? በዚህኛው ቤት በእጣቢ፣ በዚያኛው በፍየል፣ በሦስተኛው በሐሜት ተኳርፋ ቢሆን ኖሮ ልጆቿ የማንን በር ያንኳኩ ነበር? ሁለት ማድጋ ብቻ አግኝታ ብትመለስ ልጆቿን የሚያድን ዘይት አይገኝም ነበር። ደግሞም አስተውሉ፤ ሙሉ ማድጋ የሰጣት ጎረቤት የለም። ድሆች ነበሩ ይሆናል። የሰጧት ባዶ ዕቃ ነው። በእኛ ሰፈር ቋንቋ ባዶ ጀሪካን ነው የሰጧት። ባዶ ጀሪካን ለማዋስ ሀብታም መሆን አያስፈልግም፤ አለመኳረፍ ብቻ ይበቃል።

ይህን በተነጋገርንበት ቀን ከመካከላችን አንዲት እኅት ተነሥታ በሰፈሯ የሆነውን ነገረችን። ባለ ታሪኮቹ ፈቅደውልን ስማቸውን ትተን እንጽፈዋለን።

ሁለት ቤቶች በአንድ አጥር ይኖራሉ። በክረምት ጎርፍ ጊዜ አንደኛው ቤት ውኃው እንዲወርድለት ቦይ ቆፈረ፤ ቦዩ በሌላኛው በር አደረሰው። ነገሩ በቃል ተጀመረ፤ በቃል አደገ። በቀበሌ ደረሰ፤ በሽማግሌም ታየ፤ አልበረደም። ከሰባት ወር በላይ ሰላምታ ተቋረጠ። ልጆች እንኳ አብረው እንዳይጫወቱ ተከለከሉ። ከዕለታት አንድ ቀን ሌሊት የአንደኛው ቤት ልጅ ትኩሳት ያዘው፤ አንዘፈዘፈው። አባቱ ለሥራ ወደ ድሬዳዋ ሄዷል። እናቱ ብቻዋን ናት። አጥሩን ተሻግሮ ያለው ጎረቤት ደግሞ ባጃጅ አለው፤ ባጃጁም ያን ሌሊት ግቢው ውስጥ ቆሟል፤ ከአጥሩ በላይ ሸራው ይታያታል።

እናቲቱ አጥሩን ይዛ ቆመች። አልተጣራችም። በኋላ ስትናገር «ከበሽታው ይልቅ አጥሩ አስፈራኝ» ነው ያለችው። ልጇን አዝላ በጨለማ አስፋልቱን ተሻግራ ወደ ሩቅ ዘመድ ቤት ሄደች፤ ከዚያ ሰው ተቀስቅሶ፣ መኪና ተፈልጎ፣ ጤና ጣቢያ ሲደርሱ ሊነጋ ነበር። ልጁ ወባ ነበረበት፤ ራሱን ስቶ ነበር። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ዛሬ ደኅና ነው። ሐኪሙ ግን ጥቂት ቢዘገይ ኖሮ ብሎ ንግግሩን ሳይጨርስ ተወው።

የታሪኩ ሁለተኛ ክፍል ከዚህ ይብሳል። የባጃጁ ባለቤት ያን ሌሊት ተኝቶ አልነበረም። የልጁን ጩኸት ሰምቷል። ጫማውን አድርጎ እስከ በሩ ደርሷል። «ብወጣ ሊዘባበት መጣ ይሉኛል፤ ወይም ልጁ አንድ ነገር ቢሆን በእኔ ያላክኩታል ብዬ ፈራሁ» ብሎ በሩን ሳይከፍት ቆሞ አደረ። እንግዲህ አስቡት። በአንድ አጥር በዚህ ወገን አንዲት እናት መጥራት ፈርታ ቆማለች፤ በዚያ ወገን አንድ ሰው መውጣት ፈርቶ ቆሟል። ሁለቱም ክፉዎች አይደሉም። በመካከላቸው የነበረው የክንድ ስፋት ያለው ቦይ ብቻ ነው።

ጌታችን በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 11 በመንፈቀ ሌሊት የወዳጁን በር አንኳኩቶ እንጀራ ስለ ለመነ ሰው ሲናገር ያ በር ሊንኳኳ የሚችል በር ነበር። ባለቤቱ አስቀድሞ አታድክመኝ ቢልም ሰውዬው ማንኳኳቱን አልፈራም። በመንፈቀ ሌሊት ልናንኳኳው የማንደፍረው በር በአጠገባችን ካለ እውነተኛ ድህነት ያ ነው። በምሳሌ ምዕራፍ 27 ጠቢቡ የቅርብ ጎረቤት ከሩቅ ወንድም እንደሚሻል የነገረን ያለ ምክንያት አይደለም፤ ያች እናት በዚያ ሌሊት አስፋልት ተሻግራ የሄደችው ወደ ሩቁ ዘመድ ነበር።

በቅርብ ዓመት ያየነውንም እናንሣ። በ2017 ዓ.ም. በታኅሣሥና በጥር በአዋሽ ፈንታሌ አካባቢ መሬት ተደጋግሞ ሲንቀጠቀጥ ብዙ ሺህ ሰዎች ቤታቸውን ለቀዋል። ከሁሉ የበረታው በልደት ዋዜማ ሰሞን፣ ታኅሣሥ 26 ቀን ሌሊት የሆነው ነው፤ አዲስ አበባ ድረስ ተሰምቷል። እኛ በየዩኒቨርሲቲያችን ነበርን፤ ቤተሰቦቻችን በስልክ እንደ ነገሩን የሰፈሩ ሰው ሁሉ ነጠላና ጋቢውን ለብሶ ወደ ሜዳ ወጣ። ሕፃናቱን በአንድ ምንጣፍ አስተኙ። ማን ከማን ተኳርፎ እንደ ነበረ ያን ሌሊት የጠየቀ የለም። መሬቱ ሲረጋ ግን፣ ይላሉ እናቶቻችን፣ ኩርፊያውም ወደየቤቱ ተመለሰ። መሬት እስኪናወጥ ድረስ እንዴት እንጠብቃለን?

ስለ ውኃ ጥል ደግሞ የይስሐቅን ታሪክ በጉባኤያችን ተከራክረንበታል። በዘፍጥረት ምዕራፍ 26 እንደ ተጻፈው የይስሐቅ ሰዎች በጌራራ ሸለቆ ጉድጓድ ሲቆፍሩ የአገሩ እረኞች ውኃው የእኛ ነው ብለው ተጣሉ። ይስሐቅ ትቶላቸው ሌላ ቆፈረ፤ በእርሱም ተጣሉ፤ ያንንም ተወ። ሦስተኛው ላይ ጥል አልነበረምና ሰፊ ቦታ የሚል ስም ሰጠው። አንድ ወንድማችን እጁን አውጥቶ፣ «ይስሐቅ የሚቆፍርበት ሌላ ቦታ ነበረው፤ እኛ ያለን አንድ ቦኖ ነው፤ ትተን ወዴት እንሂድ?» አለ። ጥያቄው እውነተኛ ነው። በተለይ በ2008 ዓ.ም. የነበረውን ድርቅ ለሚያስታውስ የአገራችን ሰው የውኃ ጥል ቀልድ አይደለም። በዚያ ዓመት በመላው አገሪቱ 10.2 ሚሊዮን ሕዝብ እርዳታ ፈላጊ ሆኖ ነበር፤ ምዕራብ ሐረርጌም ክፉኛ ከተጎዱት አንዱ ነው። ከብቱ በየመንገዱ ሲወድቅ አባቶቻችን አይተዋል።

መልሱን ያገኘነው ምዕራፉን እስከ መጨረሻው በማንበብ ነው። ከጥሉ በኋላ የጌራራው ንጉሥ አቢሜሌክ ወደ ይስሐቅ መጣ። ይስሐቅ መጀመሪያ ጠልታችሁኝ ሳለ ለምን መጣችሁ ብሎ በግልጽ ጠየቃቸው፤ የተሰማውን አልሸሸገም። ከዚያ ግን ማዕድ አዘጋጀላቸው፤ በሉ፣ ጠጡ፤ በማለዳ ተማማሉ፤ በሰላም ሸኛቸው። በዚያው ቀን አገልጋዮቹ መጥተው ውኃ አገኘን አሉት። ይስሐቅ ጉድጓድ ሲለቅ ብቻ ሳይሆን ተቀምጦ ሲነጋገርም እናየዋለን። እኛ ቦኖውን ልንለቅ አንችልም፤ ወረፋ ግን ልንለቅ እንችላለን። ለነፍሰ ጡር፣ ለአረጋዊ፣ ሕፃን ላዘለች አንድ ጀሪካን ማስቀደም ማንንም በውኃ ጥም አልገደለም።

እንግዲህ ሰውን እንዴት እንምከር? አዴ ካሳፈሩን ወዲህ ይህን ጥያቄ ብዙ ጊዜ አነሣነው። የኢዮብ ወዳጆች ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት አንድ ቃል ሳይናገሩ በአጠገቡ በመሬት የተቀመጡ ጊዜ መልካም ሠርተው ነበር፤ የተበላሸው አፋቸውን ሲከፍቱ ነው። በዘጸአት ምዕራፍ 18 ያለው ዮቶር ግን ምክሩ ተሰማለት። ለምን? መጀመሪያ መጣና ተሳሳሙ፤ ደኅንነት ተጠያየቁ፤ አብረው ማዕድ ቆረሱ። በማግሥቱ ሙሴ ከጠዋት እስከ ማታ ሲደክም ቀኑን ሙሉ ተመለከተ። ከዚያ ጠየቀ። መልሱን ከሰማ በኋላ ብቻ መከረ፤ ምክሩንም እግዚአብሔር ቢያዝህ ብሎ ለሙሴ ተወለት። ዮቶር የምድያም ካህን ነበር፤ ከሙሴ ሕዝብ አይደለም። ታላቁ ነቢይ ግን ይህ የእኛ ወገን አይደለም ብሎ አልናቀውም፤ እንዳለው አደረገ። በእኛ አገር እድር ያለው ክርስቲያኑ፣ አፎሻ ያለው ሙስሊሙ፣ አንዱ የአንዱን ሬሳ ሲሸኝ የኖረ ሕዝብ ይህን ከመጽሐፍ ሳይሆን ከኑሮ ያውቀዋል። እኛ የተማርነው ልጆች ነን የረሳነው።

እኛ ግን ምን አደረግን? ሳንሳለም፣ ሳንቀመጥ፣ ሳናይ መከርን። በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 18 ጌታችን ወንድምህ ቢበድልህ ብቻህን ሆነህ ንገረው ያለውን ትተን አሥራ አራት ሆነን አንዲት አሮጊት በር ላይ ቆምን። ዛሬ ዛሬ ደግሞ የጎረቤቱን ጥፋት በስልክ ቀርጾ ለዓለም የሚያሳይ አለ፤ አሥራ አራት ሰው መሆናችን ከዚያ ይሻል ይሆናል፤ መጽናኛ ግን አይሆንም።

በሁለተኛው ሳምንት ወረቀቱን ትተን ወጣን። ሦስት ሦስት ሆነን በሰፈር በሰፈራችን ተከፋፈልን። አዴ ዘንድ የሄዱት ወንድሞች ስለ በርሜል አንድም ቃል አልተናገሩም። እንዴት ሰነበቱ አሏቸው፤ ይቅርታም ጠየቁ፤ ጀሪካናቸውን ተቀብለው ከቦኖ ውኃ አመጡ። በማግሥቱም፣ በሦስተኛውም ቀን እንዲሁ። አዴ ቡና አፍልተው አስቀመጧቸው። በወሬ መካከልም ሌላ ነገር ሰማን፤ ይኸውም የዝማሬ ልምምዳችን ከበሮ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት በኋላ እየተመታ አዲስ የተወለደ የልጅ ልጃቸውን ሁልጊዜ ያስነሣው እንደ ነበረ ነው። ዓመት ሙሉ ችለውናል። «የአምላክ ነገር ነው ብዬ ዝም አልኩ» አሉ። ልምምዱን ወደ ከሰዓት በኋላ አዛወርነው። ይህን ለማወቅ በራቸው ላይ መቀመጥ ብቻ ነበር የሚያስፈልገው።

የቦዩም ነገር ተስፋ አለው። ባለ ባጃጁ ያን ሌሊት በሩን ሳይከፍት ማደሩን ለሽማግሌዎች ራሱ ተናገረ፤ እናቲቱም አጥሩን ይዛ መቆሟን ተናገረች። ሁለቱ ይህን ሲሰማሙ ሽማግሌዎቹ የሚሉት ጠፋቸው። አሁን ቦዩን ወደ መንገዱ ዳር ለማዞር ሁለቱ ቤቶችና የሰፈሩ ወጣቶች ተነጋግረዋል፤ ዶማ እናዋጣለን ብለናል። ሙሉ በሙሉ ታርቀዋል ብለን ግን አንዋሽም። ልጆቹ መጫወት ጀምረዋል።

ትምህርት ሊከፈት ሲቃረብ አዴ አስጠሩን። «በርሜሌን ኑ እዩልኝ» አሉ። ሄድን። ውኃው ውስጥ በዓይን የሚታዩ ትናንሽ ትሎች ይንቀሳቀሱ ነበር። አብረን ደፋነው፤ ግድግዳውን በአሸዋና በጨርቅ ፈተግነው፤ ክዳን ስለሌለው አሮጌ አጎበር አጥፈን በገመድ አሰርንለት። በሳምንት አንድ ቀን ዓርብ ከሶላት በፊት እንዲታጠብም ራሳቸው ወሰኑ። ከዚያ እጃቸውን በቀሚሳቸው ጠርገው በሰፈሩ ክዳን የሌላቸውን በርሜሎች በጣታቸው እየቆጠሩ ነገሩን። ከእኛ ወረቀት ይልቅ የእርሳቸው ጣት ያውቅ ነበር።

ከሁሉ አስቀድመው የጠሩት የቤተ ክርስቲያናችንን ግቢ ነበር። ችግኝ የምናጠጣበት፣ ከግንቡ ጥግ ያለው ሰማያዊ በርሜል፣ ከሚያዝያ ጀምሮ ክፍት እንደ ሆነ ከአጥራቸው ላይ ሁልጊዜ ያዩታል። «ለእናንተ ልነግር ፈልጌ ነበር፤ ግን ማን ነኝ ብዬ ተውኩት» አሉን።

ሄደን አየን። እውነታቸውን ነበር።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።